አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያን መሥራች ሕይወትና ሢመት

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጳጳስ የነበረው ፍሬምናጦስ በአገሩ ምእመናን ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሁለት የክብር ስሞች ነው፤ እነርሱም «አባ ሰላማ» እና «ከሣቴ ብርሃን» ናቸው። ስንክሳር በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን ዝክሩን ያወሳል። ሊቃውንቱም የጳጳሳትን ተራ ሲቈጥሩ ከእርሱ ይጀምራሉ።

ስሙ ይህን ያህል የገነነ ቢሆንም፣ ስለ ሕይወቱና ስለ አገልግሎቱ የሚነገረው ሁሉ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። ከፊሉ እርሱ በሕይወት ሳለ፣ ከፊሉ ከግማሽ ምእት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከፊሉም ሺህ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የተጻፈ ነው። እነዚህ ምስክሮች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ነገር የተለያየ ስለ ሆነ፣ ቃላቸው በየራሱ ተለይቶ ሊመረመር ይገባል።

ምርመራውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአክሱም የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን 1600 ዓመት ያህል ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራለች። የዚህም ምክንያቱ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ የኒቅያ ጉባኤ እንዲህ ብሎ ወስኗል የሚል ነበር። የመሥራቹ ታሪክ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ከዚህ የተለየ መልስ ይገኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሩፊኖስ ትረካ

ስለ ፍሬምናጦስ ሰፊውን የጥንት ትረካ የተወው ሩፊኖስ ነው። ሩፊኖስ በሰሜን ኢጣልያ የምትገኘው የአኵሊያ ሰው ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም በደብረ ዘይት ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ402 ወይም በ403 ገደማ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በላቲን ቋንቋ ጻፈ። ነገሩን የሰማው የፍሬምናጦስ ባልንጀራ ከነበረውና በኋላ በጢሮስ ቅስና ከተቀበለው ከኤዴስዮስ አንደበት እንደ ሆነ ራሱ ይመሰክራል።

ትረካው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ አገር ለማየት ሲነሣ፣ ዘመዶቹ የሆኑትንና ትምህርት የሚያስተምራቸውን ሁለት ብላቴኖች፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ይዞ ሄደ። በመልሱ መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ከአንድ ወደብ ገባ። የዚያ አገር ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል በፈረሰ ጊዜ በወደባቸው ያገኙትን ሮማዊ ሁሉ የመግደል ልማድ ነበራቸውና፣ ሜሮጵዮስንና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው። ሁለቱ ብላቴኖች ግን በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ገዳዮቹም ስላዘኑላቸው ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን ብልህነቱን አይቶ የሒሳብና የጽሕፈት ኀላፊ አድርጎ ሾመው። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ሕፃን ልጁን አልጋ ወራሽ አድርጎ ለሁለቱም ነጻነት ሰጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጁ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን ሥራ እንዲያግዟት፣ ይልቁንም ፍሬምናጦስ ከጎኗ እንዳይለይ፣ ለመነችው። በዚህ ዓይነት በምርኮ የመጣው ወጣት የአንድ መንግሥት እንደራሴ ሆነ።

ፍሬምናጦስ በእንደራሴነቱ ዘመን በአገሩ ከሚነግዱት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን እየፈለገ አገኘ። በየሥፍራው የጸሎት ቤት እንዲኖራቸው ሥልጣን ሰጣቸው፤ የሚሠሩበትንም ቦታና የሚያስፈልገውን ሁሉ እየሰጠ አበረታታቸው። ልጁ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ፣ ንጉሡና እናቱ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም፣ ሁለቱም አደራቸውን አስረክበው ወጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኰለ። ፍሬምናጦስ ግን የእግዚአብሔርን ሥራ መሸሸግ አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ሄደ፤ ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስም የሆነውን ሁሉ ነግሮ፣ በዚያ አገር ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖች የሚገባ ኤጲስ ቆጶስ እንዲልክላቸው ለመነው። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር መክሮ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው እንደማይገኝ ስለ ተረዳ፣ ራሱን ፍሬምናጦስን ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ወደ መጣበት አገር መለሰው።

ይህን ትረካ የሚመረምር ተማሪ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል አለበት። አንደኛው፣ ሩፊኖስ የንጉሡን፣ የንግሥቲቱንና የከተማዪቱን ስም አይናገርም፤ አገሩንም «ህንድ» ይለዋል። በዚያን ዘመን የግሪክና የላቲን ጸሐፊዎች በቀይ ባሕር ዳርና ከዚያ ወዲያ ያሉትን አገሮች በአንድነት በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ሁለተኛው፣ ኤዴስዮስ የምርኮውንና የእንደራሴነቱን ዘመን በዓይኑ አይቷል፤ ከመለያየታቸው በኋላ በእስክንድርያና በአክሱም የሆነውን ግን ያወቀው ከሌላ ሰምቶ ነው። ስለዚህ የትረካው የፊተኛው ክፍል ከኋለኛው ይልቅ ጠንካራ ምስክር አለው።

የቆስጠንጢዮስ ደብዳቤ

ሩፊኖስ ያልጠራውን የአገርና የንጉሥ ስም ከሌላ ወገን የምናገኘው፣ ፍሬምናጦስን ለመሻር ታስቦ ከተጻፈ ደብዳቤ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ የአርዮሳውያን ደጋፊ ስለ ነበር፣ በ356 አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው። በአትናቴዎስም ቦታ ጊዮርጊስ የተባለ አርዮሳዊ ተሾመ። ቆስጠንጢዮስ በዚሁ ጊዜ ገደማ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ። ፍሬምናጦስ የተሾመው በአትናቴዎስ እጅ በመሆኑ እምነቱ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ ግብፅ ይላክ የሚል ነበር። አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ ለንጉሠ ነገሥቱ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ገለበጠው ቃሉ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ደብዳቤው የሩፊኖስን ትረካ በዋናው ነገር ያጸናል። ፍሬምናጦስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ በእርግጥ ነበረ፤ መንበሩ አክሱም ነበር፤ የሾመውም አትናቴዎስ ነው። በተጨማሪም የአክሱም ክርስትና ገና በልጅነቱ ከሮም መንግሥት ፖለቲካና ከሃይማኖት ክርክር ጋር እንደ ተያያዘ ያሳያል። ነገሥታቱ ለዚህ ጥያቄ ሲሉ የእስክንድርያን ሢመት አልለወጡም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ከአትናቴዎስ ወገን ጸንታ ቆየች።

ሢመቱ የተፈጸመበት ዓመት ግን ሊቃውንትን ያከራክራል። አትናቴዎስ መንበሩን የያዘው በ328 ነው። ሩፊኖስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ በደረሰ ጊዜ አትናቴዎስ ሢመቱን ከተቀበለ ገና ጥቂት ጊዜው እንደ ነበረ ስለሚናገር፣ አንዳንዶች ነገሩን ወደ 330 ገደማ ያደርሱታል። ሌሎች ግን የቆስጠንጢዮስ ደብዳቤ ስለ ፍሬምናጦስ የሚናገረው ስለ አዲስ ሹም የሚነገር ይመስላል በማለት፣ አትናቴዎስ ከሁለተኛ ስደቱ ከተመለሰበት ከ346 በኋላ መሆን አለበት ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሢመቱ የተፈጸመው በ325 ከተደረገው ከኒቅያ ጉባኤ በኋላ ነው። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ስለ ሕጉ በሚነገረው ላይ ከባድ ፍርድ አለው።

የድንጋይና የገንዘብ ምስክርነት

ከመጻሕፍት ውጭ ያለው ምስክር የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎችና ያሳተመው ገንዘብ ነው። በግእዝ ቋንቋ በሁለት ዓይነት ፊደልና በግሪክ በተጻፈው፣ በቤጃ ላይ የተደረገውን ዘመቻ በሚተርከው ጽሑፍ ኢዛና ራሱን የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪኩም መሕረምን አሬስ ብሎ ተርጕሞታል። በዚሁ ጽሑፍ ወንድሞቹ ሳይዛናና ሐደፋ ዘመቻውን እንደ መሩ ይነገራል። ቆስጠንጢዮስ የጠራቸው ሁለቱ ስሞች በአክሱም ድንጋይ ላይ ጐን ለጐን መገኘታቸው የደብዳቤውን እውነተኛነት ያረጋግጣል።

በኖባና በካሱ ላይ የተደረገውን ዘመቻ በሚተርከው የግእዝ ጽሑፍ ግን መሕረም አይጠራም፤ ንጉሡ ድሉን የሚሰጠው «እግዚአ ሰማይ» ለተባለው አምላክ ነው። ይህ አጠራር ለክርስቲያኑም ለአይሁዳዊውም፣ በአንድ ሰማያዊ አምላክ ለሚያምን ለሌላውም የሚስማማ ስለ ሆነ፣ ኢዛና በእርግጥ ክርስቲያን ነበርን የሚል ጥርጥር አስነሥቶ ነበር። በ1970 የታተመ አንድ የኢዛና የግሪክ ጽሑፍ ግን በግልጽ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ይህም ጽሑፍ ስለ ኖባ ዘመቻ የሚናገር ስለ ሆነ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ልዩነት የዘመን ልዩነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ንጉሡ ለውጭ ሰዎች በሚነበበው ግሪክ እምነቱን ገልጦ፣ አብዛኛው ገና በአባቶቹ ሃይማኖት ለሚኖረው ሕዝቡ ግን ሁሉም ሊቀበለው በሚችል ስም ጽፏል የሚለው አስተያየት ከዚህ የተነሣ ነው።

ገንዘቡም ይህንኑ ለውጥ ያሳያል። በኢዛና የፊተኛው ገንዘብ ላይ ክብ ነገርና የጨረቃ ቅርጽ ተቀርጾ ይታያል፤ በኋለኛው ላይ የመስቀል ምልክት ተተክቷል። የአክሱም ነገሥታት መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት የዓለም መንግሥታት ከቀደሙት መካከል ናቸው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር በመሆኑ፣ ለውጡ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ ወደብ ደርሷል።

የአገር ውስጥ ትውፊት

የግእዙ ስንክሳር የፍሬምናጦስን ታሪክ ሲያወሳ በብዙ ነገር ከሩፊኖስ ጋር ይስማማል፤ በነገሥታቱ ስም ግን ይለያል። በአገር ውስጥ ትውፊት ክርስትናን የተቀበሉት ነገሥታት ወንድማማቾቹ አብርሃና አጽብሃ ናቸው፤ ኢዛና የሚለው ስም በትውፊቱ አይታወቅም። በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም በስማቸው ይጠራል። ብዙ ጸሐፊዎች አብርሃና አጽብሃ የኢዛናና የሳይዛና ሌላ ስም ነው ብለው ያስማማሉ። ሌሎች ግን ኤላ አጽብሃ በ6ኛው ምእት ዓመት የነገሠው የንጉሥ ካሌብ የመንግሥት ስም እንደ ነበረ፣ አብርሃም በዚያው ዘመን የሒምየር ገዥ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ የሁለት ዘመን ነገሥታት መታሰቢያ በሕዝብ አፍ አንድ ላይ ተዋሕዷል ይላሉ። ትውፊቱ ስሞችን ቢያዛውርም፣ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ላይ በሚገዙ ሁለት ወንድማማቾች ዘመን መመሥረቷን መጠበቁ ግን ከቆስጠንጢዮስ ደብዳቤ ጋር ይስማማል።

ሌላም ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ትውፊት የመጻሕፍትን ትርጕም ለአባ ሰላማ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በ14ኛው ምእት ዓመት፣ ከ1348 እስከ 1388፣ በኢትዮጵያ የነበሩት ጳጳስ ደግሞ አቡነ ሰላማ «መተርጕም» ይባሉ ነበር፤ በእርሳቸው ዘመንም ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጕመዋል። የሁለቱ ስም አንድ ስለ ሆነ ሥራቸውም በኋለኞች ጸሐፊዎች ዘንድ ተቀላቅሏል። የግእዝ ፊደል በሰባት ድምፅ መቀረጹንም ብዙዎች ለከሣቴ ብርሃን ይሰጡታል። የተረጋገጠው ነገር ድምፅ የተጨመረበት ፊደል በድንጋይ ላይ በኢዛና ዘመን መታየቱ ነው፤ የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚለው ግን የትውፊት ቃል ነው።

የአገልግሎቱ ጠባይ

እነዚህ ምስክሮች አንድ ላይ ሲታዩ የፍሬምናጦስ አገልግሎት በሁለት ክፍል ይከፈላል። በፊተኛው ክፍል ፍሬምናጦስ ካህን አልነበረም፤ ምእመንና የመንግሥት ሹም ነበር። ማኅበሩን የሰበሰበው ከውጭ ነጋዴዎች ሲሆን፣ ያገለገላቸውም በሥልጣኑ ቦታ በመስጠትና ከጥቃት በመጠበቅ ነው። ስለዚህ በአክሱም የጸሎት ቤት የቆመው ጳጳስ ከመምጣቱ በፊት ነው። ወንጌል የገባበትም መንገድ የዝሆን ጥርስና የሌላ ዕቃ ንግድ ከአዱሊስ ወደብ ወደ አክሱም ይተላለፍበት የነበረው መንገድ ነው። በየሐ አጠገብ ቤተ ሳማቲ በተባለው ሥፍራ ተቈፍሮ የተገኘውና በ2019 የታተመው የ4ኛው ምእት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም በአክሱምና በቀይ ባሕር መካከል መገኘቱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

በኋለኛው ክፍል ፍሬምናጦስ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተመለሰ። ያሳደገውና መንግሥቱን ያስረከበው ልጅ ኢዛና ከሆነ፣ ብዙዎች እንደሚያምኑት፣ ጳጳሱ ለንጉሡ እንግዳ አልነበረም፤ በቤቱ ያደገ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ታማኝነቱን በተግባር ያሳየ ሰው ነበር። በአክሱም የሃይማኖት ለውጥ ከላይ ወደ ታች፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ፣ የሄደበትም ምክንያት ይህ ነው። ክርስትና በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደው ግን ዘግይቶ፣ ይልቁንም በ5ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ በመጡት በተሰዓቱ ቅዱሳንና በገዳማቱ አማካይነት ነው። ስለዚህ ሕዝቡን ሁሉ ያሳመነው አባ ሰላማ ነው ብሎ መናገር ለእርሱ የማይገባውን መስጠት፣ ለእነርሱም የሚገባውን መከልከል ነው።

ሢመቱና ሕጉ

በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት፣ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ሊቀ ጳጳሳት መሾም እንደማይችሉ ይደነግጋል። መጽሐፉ በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ድንጋጌው የተወሰደው በኒቅያ ጉባኤ ስም ከሚጠራ የዐረብኛ ቀኖና ነው። የ325ቱ ጉባኤ በእርግጥ የደነገጋቸው ቀኖናዎች ግን ሃያ ብቻ ናቸው፤ በእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያ አትጠራም። ጉባኤው በተደረገ ጊዜ አክሱም ገና ኤጲስ ቆጶስ አልነበራትም፤ አትናቴዎስም ገና ሊቀ ጳጳስ አልሆነም ነበር። ስለዚህ ገና ላልተፈጸመ ነገር ሕግ ወጣ ማለት ይሆናል።

የመሥራቹ ምሳሌ ከዚህ ሕግ ጋር በቀጥታ ይቃረናል። ፍሬምናጦስ የተወለደው በጢሮስ፣ ያደገው በአክሱም ቤተ መንግሥት ነው፤ ግብፃዊ አልነበረም። ወደ እስክንድርያ የሄደውም ሕግ አስገድዶት አይደለም፤ ወደ ትውልድ አገሩ እንደ ኤዴስዮስ ሊመለስ ሲችል፣ ለሰበሰባቸው ክርስቲያኖች ካህን ለመለመን በፈቃዱ ሄደ። አትናቴዎስም ከእስክንድርያ ቀሳውስት አንዱን መላክ ሲችል፣ አገሩን የሚያውቀውን መርጦ መለሰው። በኋለኛው ዘመን የሆነው ግን የአገሩን ቋንቋ የማያውቁ መነኮሳትን ከግብፅ መላክ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሁኔታ በዝምታ አልተቀበሉትም። ከ1131 እስከ 1145 በእስክንድርያ መንበር በነበሩት በፓትርያርክ ገብርኤል ዘመን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኤጲስ ቆጶሳት ቍጥር እንዲጨመር ጠይቆ ነበር፤ ቍጥራቸው ቢበዛ በራሳቸው ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ ተብሎ ስለ ተፈራ ልመናው ሳይፈጸም ቀረ። በ1881 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳት አስመጡ፤ ሁሉም ግን ግብፃውያን ነበሩ። በመጨረሻም በ1951፣ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም.፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆነው በካይሮ ተሾሙ። በ1959፣ ማለትም በ1951 ዓ.ም.፣ ደግሞ በዚያው ከተማ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የአባ ሰላማን ስም ይጠቅሱ ነበር፤ አንደኛው ሢመቱ ከእስክንድርያ መሆኑን፣ ሁለተኛው ሹሙ የአገሩ ሰው መሆኑን እያስረዳ። ጥንታውያኑ ምስክሮች ሁለቱንም ይደግፋሉ። ፍሬምናጦስ ሥልጣነ ክህነትን ከአትናቴዎስ እጅ ተቀበለ፤ ሕዝቡንና ቋንቋውን ግን ያወቀው አስቀድሞ በምርኮና በእንደራሴነት በኖረበት በአክሱም ነበር። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የሚተው ሰው ከመሥራቹ ታሪክ ግማሹን ብቻ ያነበበ ነው።